አርባ አንድ ትንፋሽ

«ማንን አጣን? ኧረ ማንን ነው ያጣነው!» እያለች ውቢት ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ እያነባች በካሳነሽ በር ገባች።

አይፈረድባትም። የእሑድ ጠዋት ጉም ከቀርከሃው አጥር ተንሸራቶ ወርዶ ግቢውን ሞልቶታል። በጉሙ ውስጥ የእድሩ አግዳሚ ወንበሮች በረድፍ ተደርድረዋል፤ አርባ አንድ ሰው እጁን ብብቱ ውስጥ ወሽቆ፣ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጦባቸዋል። በዚያ ብርድ፣ በእድር ወንበር፣ በዚያ ዝምታ ሰው ተቀምጦ ያየ የቆሰበር ከተማ ጎረቤት ከማልቀስ በቀር ምን ይላል?

«ኧረ ማንም አልሞተም፣ እትዬ ውቢት» አለ ከፊት የቆመው ረጅም ልጅ፣ የያዘውን ወረቀት ከኋላው እየደበቀ። «ስብሰባ ነው። የሕግ ተማሪዎች ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ ነው።»

ውቢት ለቅሶዋን መሃል ላይ ገታች። እንባዋ በከንቱ መፍሰሱ ሳይቆጫት አልቀረም። «ታዲያ ካልሞተባችሁ ምን እንዲህ አስተከዛችሁ?» ብላ ነጠላዋን መልሳ ስታጣፋ የቤቱ ባለቤት ካሳነሽ ከቅዳሴ ደረሰች። በሩ ላይ ቆመች። ወንበሮቹን አየች፣ ሰዎቹን አየች፣ የጎመን መደቧን አየች፣ በመጨረሻ ረጅሙን ልጅ አየች።

«ይሄነው! ምንድን ነው ይኼ ጉድ?»

ይሄነው የዳንግላ ልጅ ነው። ከከተማው ዳር ባለ አንድ ትንሽ ኮሌጅ የአራተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ሲሆን፣ ከካሳነሽ ጓሮ ያለችውን ክፍል ተከራይቶ ሦስት ዓመት ኖሯል። የማኅበሩም ሊቀመንበር እሱ ነው።

«ትናንት ነግሬዎት የለ፣ እትዬ ካሳነሽ? አዳራሹ እሑድ ስለሚዘጋ እዚህ ግቢ እንሰብሰብ ስልዎት ‘ኧ’ አሉኝ።»

ያቺን ‘ኧ’ የማያውቃት አለ? አየር ወደ ውስጥ ስበን የምናወጣትን አጭሯን ‘ኧ’? ሰው ሲያወራን በየመሃሉ ጣል የምናደርጋት፣ ከቃል ያነሰች ከትንፋሽ የበለጠች ነገር ናት።

«እሱማ ብያለሁ» አለች ካሳነሽ። «ዱቄት እየነፋሁ ነበር፤ እያዳመጥኩህ መሆኔን እንድታውቅ፣ ወሬህ እንዳይቋረጥብህ ብዬ ነው እንጂ ግቢዬን መስጠቴ ነው እንዴ?» ተማሪዎቹን ዞራ ስታያቸው ግን ሆዷ ራራ። ከንፈራቸው በብርድ ደርቋል። «በሉ እንግዲህ፣ አንዴ ተቀምጣችኋል። ጎመኔን የረገጠ ግን ዛሬ እውነተኛ ለቅሶ ያያል።»

ይሄነው ‘ረስተውት ነው’ ብሎ በልቡ ይቅርታ አደረገላት። ይቅር ባይ ልጅ ነው፤ በተለይ ጥፋቱ የራሱ ሲሆን።

ክፉ ልጅ አልነበረም፣ ይኼ ይታወቅለት። ብቻ ሕልም ይወዳል። የቆሰበር ጉም ደግሞ ሕልም ለሚወድ ሰው አይመችም፤ ያለውን ይሸፍንና የሌለውን ያሳያል። ያን ጠዋትም ከጎመን መደቡና ከእንጨት ክምሩ ይልቅ የታየው ነጭ መጋረጃ የወረደበት ትልቅ አዳራሽ ነበር። በአዳራሹ ጫፍ ከፍ ያለ ወንበር ይታየዋል፤ በወንበሩ ላይ ራሱ። ወንበሩን ሊለቅ የቀረው አምስት ወር ብቻ መሆኑ ነበር ሕልሙን የሚያደፈርሰው። የማኅበሩ ደንብ ለሊቀመንበር የሚፈቅደው አንድ ዓመት ነው።

መፍትሔውን ያመጣለት ምክትሉ ደረሰ ነው። ደረሰ ለሁሉም ነገር መፍትሔ ያለው፣ ለመፍትሔው ሁሉ ደግሞ ትንሽ የራሱን ድርሻ የሚያስቀር ሰው ነበር። ሁለት ማሻሻያ አረቀቀ። በመጀመሪያው የሊቀመንበሩ ዘመን ሁለት ዓመት ይሆናል። በሁለተኛው፣ ሦስት ስብሰባ በተከታታይ የቀረ አባል በማንኛውም ውድድር ማኅበሩን ወክሎ አይቀርብም፤ ይህም ከመስከረም ጀምሮ ተፈጻሚ ይሆናል።

ሁለተኛው የተሰፋው በአንድ ሰው ልክ ነው። ማናለብሽ የማኅበሩ ጸሐፊ ናት፤ ከግምጃ ቤት ከተማ በላይ ካለ ገጠር የመጣች፣ እናቷን በአዊኛ፣ ዳኛን በአማርኛ የምታናግር ልጅ። በባሕር ዳር ለሚደረገው፣ ተማሪዎች እንደ ጠበቃ ቆመው ለሚከራከሩበት የምስለ ችሎት ውድድር የተመረጠችው እሷ ናት። አሸናፊው ክረምቱን በአንድ የነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ይሠራል። ለማናለብሽ ያቺ አንዲት ክረምት ከመንደሯ ወደ ፍርድ ቤት የምታስገባ ብቸኛዋ በር ነበረች። ኅዳር ላይ እናቷ እግሯን ስትሰበር እሷ ድንቹ ማሳ ላይ እንዳይበሰብስ ሄዳ ለቀመች፤ ሦስት ስብሰባም አመለጣት። የእሷ ተጠባባቂ ማን ነው? ደረሰ።

ይሄነው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ያውቃል። ግን ደረሰ የመጀመሪያውን ማሻሻያ ያለ ሁለተኛው እንደማያመጣለትም ያውቃል።

እናም በጉሙ ውስጥ ቆሞ የመጀመሪያውን አነበበ። ሲጨርስ ከወንበሮቹ ላይ አርባ አንድ ትንፋሽ ባንድነት ወደ ውስጥ ተሳበ፦ ኧ። ጉሙ ራሱ አንድ ስንዝር ወደ ሰዎቹ የተጠጋ መሰለው። ደስ የሚል ድምፅ ነበር፤ ሣር ላይ የሚያልፍ ነፋስ ይመስላል።

«ተቃውሞ አለ? የለም። በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።»

ሁለተኛውን አነበበ። ኧ።

«ሊቀመንበር» አለች ማናለብሽ፣ ብዕሯን ከደብተሩ ሳታነሳ፤ «ይቆጠር።»

«ምኑ?»

«እጁ። ደንባችን ‘በተቆጠረ ድምፅ’ ነው የሚለው። ደግሞ ከመስከረም ጀምሮ ማለት ምን ማለት ነው? ሕግ ወደ ኋላ ተመልሶ እንደማይሠራ አንደኛ ዓመት ላይ ተምረን የለ?»

«ሁሉም ኧ ብሎ ምን ይቆጠራል?» አለ ደረሰ ከጎኗ። «አንቺም ብለሻል። በዚህ ጆሮዬ ሰምቼሻለሁ።»

«እኔ ስጽፍ እተነፍሳለሁ።»

ሳቅ ሆነ። ይሄነው ግን የሰማው ሳቁን ሳይሆን የጥርሶችን መንቀጥቀጥ ነው። «ሰው በብርድ አናንገላታ፣ ማናለብሽ። ጻፊ» አለና ጉባኤው ተበተነ።

ሰኞ ዕለት ቃለ ጉባኤውን ለመቀበል ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ መጣ። ለኮሌጁ ዲን የሚገባው የተወዳዳሪዎች ስም እስከ ዓርብ ነው፤ ቃለ ጉባኤው አብሮ ይያያዛል። ማናለብሽ ደብተሩን ሰጠችው። በሚያምር የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «ሁለቱ ማሻሻያዎች ተነበቡ። ተሰብሳቢው ተነፈሰ።»

«ምንድን ነው ይኼ?»

«የሆነው ነው።»

«‘በሙሉ ድምፅ ጸድቋል’ በይና ፈርሚበት እንጂ!»

«ያልቆጠርኩትን አልፈርምም።»

«ስለ ራስሽ ስለሆነ ነው እንዲህ የከረርሽ።»

«አዎ፣ ስለ ራሴም ነው» አለች ሳትቆጣ። «የእናቴ እግር ተሰብሮ ድንች እየለቀምኩ እንደሆነ ደብዳቤ ጽፌላችኋለሁ፤ ሳጥንህ ውስጥ አለ። ከመስከረም ጀምሮ እያጠናሁ ነው፣ ይሄነው። ይቺ ክረምት ካመለጠችኝ ሌላ የለኝም። ግን ስለ ሌላ ሰው ቢሆንም አልፈርምም።»

ደረሰ ይህን ሲሰማ ሻይ ቤቱ ውስጥ ሳቀ። «አልፈርምም ካለች ሌላ ጸሐፊ እንሰይማለና! አንተ ሰው፣ ምን ያስፈራሃል? ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ሲባል አልሰማህም?»

«ደንቡ እኮ…»

«ደንብ ሰው ሲጣላ ነው። እኛ ተጣልተናል? ማን ተቃወመ? ዝም ያለ ሰው ተስማምቷል ማለት ነው፤ እንኳን ትንፋሽ ጨምሮበት። ይልቅ ስሜን ላስገባ?»

«እስቲ ላስብበት» አለ ይሄነው።

ማክሰኞ ጠዋት የእድሩን ወንበሮች ለመመለስ ካሳነሽን ረዳት። አንዱን አግዳሚ በሁለት ጫፍ ተሸክመው በጭቃው ውስጥ እያዘገሙ፣ ወሬ ለማምጣት ያህል፣ እድራቸው ነገር የሚወስነው እንዴት እንደሆነ ጠየቃት።

«ስም እየጠራን ነዋ የምንጠይቅ።»

«ለሁሉም ነገር?»

«ድንኳን ለማዋስም ቢሆን። ስሙ የተጠራው ሰው አፉን ከፍቶ ‘እሺ’ ወይም ‘እምቢ’ ይላል።»

«ኧ ካለስ?»

«ኧ ያለማ ገና እያሰበ ነው» አለች ካሳነሽ፣ ወንበሩን ወደ ሌላው ትከሻዋ እያዛወረች። «መልሰን እንጠይቀዋለን።»

ይሄነው ፈገግ አለ። «እድርና የሕግ ማኅበር ግን አንድ አይደለም፣ እትዬ ካሳነሽ።»

«የት አንድ ይሆናል፣ ልጄ። እድራችን ሠላሳ ዓመት ሳይፈርስ ቆይቷል።»

ከሰዓት በኋላ ትምህርቱ አልገባው ሲል ሚኒባስ ተሳፍሮ ዘንገና ሐይቅ ወረደ። ሐይቁ ዳር ሲደርስ ሐይቁ የለም፤ ጉም ውጦታል። እርጥብ ሣር ላይ ጃኬቱን አንጥፎ ተቀመጠ። ውኃው ሳይታይ ዳርቻውን ሲልስ ይሰማል። ዓይኑ ከበደ።

በውኑ ይሁን በሕልሙ ባልለየበት ሁኔታ፣ አግዳሚ ወንበሮቹ በውኃው ላይ ተደርድረው ታዩት። ሰው ግን አልነበረባቸውም፤ ትንፋሽ ብቻ። እሱ አንድ አንቀጽ ያነባል፤ ትንፋሾቹ ወደ ውስጥ ይሳባሉ፤ በተሳቡ ቁጥር አንድ ነገር ይጠፋል። መጀመሪያ ማዶ ያለው ዛፍ ጠፋ። ቀጥሎ ወንበሮቹ አንድ በአንድ። ከዚያ በእጁ የያዘው ወረቀት ነጭ ሆነ። ‘ጸድቋል’ ሊል አፉን ሲከፍት ድምፁም ተስቦ ሄደና በዚያ ሁሉ ነጭ ነገር መሃል ብቻውን ቀረ። አጠገቡ አንድ ሽማግሌ ያወራል። ድምፁ እንደ ውኃው ለስለስ ያለ ነው።

ቀስ እያለ ሲነቃ ሽማግሌው አልጠፋም። ጋቢ ለብሶ፣ ጉልበቱን አቅፎ ከጎኑ ተቀምጧል፤ በአዊኛ ያወራል። ይሄነው ከአዊኛ ሰላምታዋን እንኳ በወጉ አይዛትም። ግን ሽማግሌን ማቋረጥ ነውር ነው ተብሎ ያደገ ልጅ ስለሆነ ቀና ብሎ ተቀመጠና «ኧ» አለ። ሽማግሌው ደስ አለው። ወደ ጉሙ ጠቆመ። «ኧ» አለ ይሄነው። ሽማግሌው ወገቡን ያዝ አደረገ፣ ራሱን ነቀነቀ። «ኧ።» አንድ ነገር ጠየቀው መሰለ፣ ዓይኑን ዓይኑን አየው። «ኧ» አለ ይሄነው፣ በአክብሮት።

ሽማግሌው ተነሳ፣ ጋቢውን በወገቡ ላይ ጠበቅ አድርጎ አሰረና ከጉሙ ውስጥ አንድ ትልቅ የቀርከሃ እስር ጎትቶ አወጣ። «በል ያዝ እንግዲህ» አለ፣ አሁን በአማርኛ። «ከፊት አንተ ሁን።»

«ምኑን ነው የምይዘው፣ አባቴ?»

«ቀርከሃውን ነዋ። እስከ አስፋልቱ ነው፤ ጋሪ ይጠብቀኛል። ወገቤ እምቢ ብሎኝ ሰው ስጠባበቅ ነው የዋልኩ። ታግዘኛለህ ወይ ስልህ ኧ አልክ። ከፊት ሁን ስልህ ኧ አልክ። ነገስ ትመጣለህ ወይ ስልህ፣ እግዜር ይስጥህ፣ እሱንም ኧ አልክ።»

«ኧረ እኔ እኮ እየሰማሁዎት መሆኔን እንዲያውቁ ብዬ ነው እንጂ…» ብሎ ጀመረና ቆመ። ይቺን ዓረፍተ ነገር ከዚህ በፊት የሆነ ቦታ ሰምቷታል። ጎመን መደብ አጠገብ።

«አዊኛ ትሰማለህ?»

«አልሰማም።»

«ታዲያ ምኑን ነበር ስትሰማኝ የነበርክ?»

ይሄነው ዝቅ ብሎ የቀርከሃውን ጫፍ ትከሻው ላይ አደረገ። አያ ምህረቴ (ስማቸውን የነገሩት መንገድ ላይ ነው) ከኋላ፣ እሱ ከፊት ሆነው በጉሙ ውስጥ ገቡ። መንገዱ አይታይም፤ የሚረግጠውን ብቻ ነው የሚያየው። ቀርከሃው በተራመዱ ቁጥር ይወዛወዛል። አርባ አንድ ሰው፣ አለ በልቡ፣ ትናንት ወዲያ እንዲህ ነው ያሸከምኳቸው። ምን እንደያዙ ሳይነገራቸው፣ የት እንደሚደርሱ ሳይጠየቁ፣ ጨዋ ስለሆኑ ብቻ። ማናለብሽን ደግሞ የራሷን ማባረሪያ ነው በገዛ እጇ ያጻፍኳት።

አስፋልቱ ላይ ሲደርሱ ትከሻው ቆስሏል። «ነገ መምጣቱን እንኳ ተወው፤ ስቀልድ ነው» አሉት አያ ምህረቴ። እሱ ግን ረቡዕም መጣ። ያን ዕለት ግን አስቀድሞ ጠየቃቸው፣ ስንት እስር እንደሆነ።

ሐሙስ ከሰዓት ጉባኤው በኮሌጁ አዳራሽ እንደገና ተጠራ። ሠላሳ ስምንት ሰው መጣ፤ ማናለብሽ አንድ በአንድ ስም ጠርታ መዘገበች። ይሄነው የቆመው ከፍ ባለው መድረክ ላይ ነበር፤ መስኮቱ ላይ ጉም አልነበረም፤ ፊት ሁሉ በግልጽ ይታያል።

«እሑድ ጸድቋል ያልኩት አልጸደቀም» አለ። «አልቆጠርኩም። ስታዳምጡኝ ተስማማችሁ ብዬ ወሰድኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሁለቱም ማሻሻያዎች ዛሬ በምስጢር፣ በወረቀት ድምፅ ይሰጥባቸዋል።»

ደረሰ ዘሎ ተነሳ። «ምን እያደረግህ ነው? ሁለቱ አብረው ነው የሚወድቁ! ራስህን እኮ ነው የምታወርደው!»

«አውቃለሁ።»

«ደግሞ ማን ቅር አለው? እሑድ ዕለት አንድ ሰው እንኳ ‘አይሆንም’ ያለ አለ?» ደረሰ ወደ ተሰብሳቢው ዞረ። «ያላመነበት ሰው ለምን ያኔ አልተናገረም?»

ከፊት ረድፍ ሶስና የምትባል የአንደኛ ዓመት ተማሪ እጇን አወጣች። «ያኔ ማን ጠየቀን?» አለች።

ደረሰ ተቀመጠ።

ወረቀቱ ታደለ፣ ተሰበሰበ፣ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ሁሉም እያየ ተቆጠረ። ሦስት ስብሰባ የቀረ ሰው ከመስከረም ጀምሮ ይታገድ የሚለውን ዘጠኝ ደገፉ፣ ሃያ ሰባት ተቃወሙ፣ ሁለት ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። የሊቀመንበሩ ዘመን ሁለት ዓመት ይሁን የሚለውን ሠላሳ ሦስት ተቃወሙ፣ አንድ ሰው ባዶ ወረቀት መለሰ። የደገፉት አራት ናቸው።

አራት! እሑድ በጉሙ ውስጥ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ የነበረው ሰው፣ ሲቆጠር አራት ሆነ። ይሄነው ቁጥሩን ጮክ ብሎ አነበበ። «ስለዚህ ሁለቱም ወድቀዋል። ሰኔ ላይ ወንበሩን እለቃለሁ። ለባሕር ዳሩ ውድድር የሚተላለፈው ስም የማናለብሽ ነው።»

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ይህ የተማሪ ነገር ነው ብለን የምናልፈው አይደለም። በቀበሌው፣ በሰበካ ጉባኤው፣ በትምህርት ቤቱ የወላጆች ስብሰባ ስንቱ ነገር ነው በትንፋሽ የጸደቀብን? ጨዋነታችን ሌላ፣ ፈቃዳችን ሌላ ነው። ሰብሳቢ የሆነ ሰው ዝምታን ለራሱ ጥቅም አይተርጉም፤ ይጠይቅ፣ ይቁጠር፣ የቆጠረውን ይጻፍ። ተሰብሳቢም ቢሆን ያልገባውን ነገር በ‘ኧ’ አያሳልፍ፤ ሳያውቀው የሰው ጎጆ ያፈርስበታልና። ደንብ የሚያስፈልገው ስንጣላ ብቻ አይደለም። ይበልጥ የሚያስፈልገው የተስማማን ሲመስለን ነው።

ሰዉ ከወጣ በኋላ ይሄነውና ማናለብሽ ወረቀቶቹን በፖስታ ሊያሽጉ ቀሩ። እሷ ቃለ ጉባኤውን ጽፋ ጨረሰች፤ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አመሳከረች፤ ከዚያ ፈረመች። እሱም ፈረመ። የከሰዓቷ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ባዶዎቹን ወንበሮች ወርቅ ቀብታቸዋለች፤ የልጁም ልብ እንደ ልማዱ ወደ ሕልም ማዘንበል ጀመረች። ወንበሩን አጥቷል፤ ቢሆንም ደግ ሥራ የሠራ ሰው ትንሽ ነገር ይጠብቃል። ከአራቱ የድጋፍ ወረቀቶች አንዷን አነሳና በብርሃን ያያት ጀመር።

«ማናለብሽ» አለ ፈራ ተባ እያለ፣ «ከነዚህ ከአራቱ አንዷ አንቺ ነሽ መሰለኝ።»

ማናለብሽ ወረቀቷን ከእጁ ወስዳ ፖስታው ውስጥ ከተተቻት፤ ጫፉን በምላሷ አርሳ አሸገችው።

«‘መሰለኝ’ ተብሎ ቃለ ጉባኤ አይጻፍም» አለችው።